ሰርቮ፦ የፕላስቲክ ማርሽ ወይስ የብረት?

በሪሞት የሚበር ትንሽ አውሮፕላን ስትሠሩ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ሰርቮ የክንፍን፣ የጅራትንና የጎማን ተንቀሳቃሽ ክፍል የሚያዞር ትንሽ ሞተር ነው፤ ውስጡ ማርሽ አለው። ሁለቱን የተለመዱትን እናወዳድር፦ ኤስጂ90 (ፕላስቲክ) እና ኤምጂ90ኤስ (ብረት)።

ዋጋ፦ ፕላስቲኩ ይረክሳል። አለቀ።

ክብደት፦ ፕላስቲኩ 9 ግራም፣ ብረቱ 13.4 ግራም ገደማ። ትንሽ ይመስላል። አራት ሲገጠም ግን ልዩነቱ ከ17 ግራም ያልፋል። ለ300 ግራም የፎም አውሮፕላን ይህ ቀላል አይደለም። ሰርቮው ጅራት አካባቢ ከሆነ ደግሞ ሚዛኗን ያዛባል።

ጉልበት፦ በ4.8 ቮልት ሁለቱም 1.8 ኪሎግራም-ሴንቲሜትር አካባቢ ናቸው። «ብረት ስለሆነ የበለጠ ይገፋል» የሚሉትን አትስሙ። ብረቱ የሚያድነው የማርሹን ጥርስ ነው።

አደጋ፦ ዋናው ነገር እዚህ ነው። የፕላስቲክ ጥርስ በአንድ መጥፎ ማረፍ ይረግፋል። ሁሉም ቢረግፍ ጥሩ ነበር፤ ወዲያው ይታወቃል። አንድ ብቻ ሲጎድል ግን መሬት ላይ ደህና ይመስልና አየር ላይ ይዘላል። እኔ አንዷን ክንፍ ያጣሁት እንዲህ ነው። አሁን ከእያንዳንዱ በረራ በፊት የክንፉን ተንቀሳቃሽ ክፍል በጣቴ ቀስ አድርጌ አንቀሳቅሳለሁ፤ ከቆረቆረኝ አላበርም። ብረቱም ንጹሕ አይደለም። እየቆየ ይላላል፣ መሃሉን በትክክል መያዝ ያቅተዋል።

ቀላል ፎም ለምታበሩ፣ በተለይ ለጀማሪ፦ ፕላስቲክ፣ ከሁለት መለዋወጫ ጋር።

ከበድ ላለች ወይም ጠጠር ሜዳ ላይ ለምትንደረደር፦ ብረት። የፊት ጎማዋን የሚያዞረው ሰርቮ ጠጠር በነካ ቁጥር ይመታል።

መቀላቀልም ይቻላል። የእኔዋ ጎማዋ ላይ ብረት፣ ክንፏ ላይ ፕላስቲክ ነው።