ራስፕቤሪ ፓይ 400፣ 500 ወይስ 500 ፕላስ? ለቤት የቱን እንግዛ

ራስፕቤሪ ፓይ 500 በዲሴምበር 2024 (በፈረንጆቹ) ሲወጣ ብዙዎቻችን የጠበቅነው አንድ ነገር ነበር፣ ኤስኤስዲ (ሲስተሙና ፋይሉ የሚቀመጥበት ፈጣን ማከማቻ) የሚገባበት ቦታ። ለማያውቀው ሰው፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ኪቦርዱ ውስጥ ነው ያለው፣ ስክሪንና ማውስ ሰክቶ መጀመር ነው፣ ለልጆች ደግሞ በጣም ይመቻል። ግን ፈተው ውስጡን ሲያዩት ቦርዱ ላይ የኤም.2 (ኤስኤስዲው የሚሰካበት) ቦታው ተሰርቶ አለ፣ የሚበየድበት ነጥብ ሳይቀር ተዘጋጅቷል፣ ማስገቢያው ብቻ የለም! ቦታው አይበቃም ቢሉን እንኳን ይገባን ነበር፣ ቦታው እያለ ባዶውን መሸጥ ግን ገዢን ማሳዘን ነው።

ፍጥነት ላይ ክርክር የለም፣ 500 ከ400 በጣም ይሻላል። 400 በ2020 ሲወጣ 70 ዶላር ነበር፣ 4 ጊጋ ራም፣ 1.8 ጊጋኸርዝ። 500 ሲወጣ በ90 ዶላር 8 ጊጋ ራምና 2.4 ጊጋኸርዝ ይዞ መጣ፣ ፕሮሰሰሩም አዲስ ትውልድ ነው። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ ልጨምር ማለት አይቻልም፣ ስለዚህ ብራውዘር ላይ አስር ታብ ከፍቶ ለሚሰራ ሰው 400ን ዛሬ አዲስ ግዛ አልልም፣ ልጅ ኮድ እንዲለማመድበት በርካሽ ያገለገለ ከተገኘ ግን ይበቃዋል።

ችግሩ ሁለቱም ምንም ሳይጨመርባቸው ሲበሩ የሚነሱት ከማይክሮ ኤስዲ ካርድ መሆኑ ነው። ሲስተሙም ፋይሉም ፎቶውም እዛች ጥፍር የምታክል ካርድ ላይ ነው፣ ባትሪ ደግሞ የላቸውም፣ አዲስ አበባ ላይ እየሰራችሁ መብራት ድርግም ሲል ካርዱ እየጻፈ ከነበረ ሲስተሙ ሊበላሽና ጭራሽ አልነሳም ሊል ይችላል፣ ከዛ እንደገና መጫን ነው፣ ያልተቀመጠ ፋይል ካለም ሄደ በሉት። ኤስኤስዲም መብራት ሲጠፋ አይጎዳም ማለት አይደለም ግን ከካርድ በብዙ ይሻላል፣ ፍጥነቱም በብዙ እጥፍ ነው።

500 ፕላስ በሴፕቴምበር 2025 መጣ፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ውስጡ፣ 16 ጊጋ ራም፣ መብራት ያለው ሜካኒካል ኪቦርድ፣ 200 ዶላር። ፕሮሰሰሩ ያው የ500ው ነው። ጥሩ ማሽን ነው፣ አልክድም፣ ግን መሀል ላይ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው፣ ኪቦርዱ ተራ የሆነ መጠነኛ ዋጋ ያለው ሞዴል ነበር የሚያስፈልገን። በ200 ዶላር ዎርድና ኤክሴል ብቻ ለሚፈልግ ሰው ያገለገለ የቢሮ ሚኒ ፒሲ የተሻለ ነው፣ ዊንዶውስም ያለ ጣጣ ይሰራበታል። ሴንሰርና ኤልኢዲ እያያያዘ መማር ለሚፈልግ ግን የራስፕቤሪ ፓይ ኪቦርዶች ከኋላ ያሏቸው 40 ፒኖች (ሽቦ የሚያያዝባቸው) ሚኒ ፒሲ ላይ የሉም።

ሶስቱም ላይ ያልተስተካከለው ነገር ደግሞ ማይክሮ ኤችዲኤምአይ (ትንሿ የስክሪን ኬብል ቀዳዳ) ነው፣ እቤት ያለው የቲቪ ኬብል አይገባም፣ አዳፕተር አብራችሁ ግዙ። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም የላቸውም፣ ወይ ብሉቱዝ ወይ የቲቪው ድምጽ።

እኔ የምመርጠው 500ን ገዝቶ ከኋላ በሰማያዊው ዩኤስቢ 3 የውጪ ኤስኤስዲ ሰክቶ ሲስተሙን እሱ ላይ መጫን ነው፣ ከዛው ይነሳል፣ የሚንጠለጠል ሽቦ መኖሩ ቢያስጠላም። ዋጋዎቹ ሲወጡ የነበሩት ናቸው፣ ሻጩን ጠይቁ፣ የሚመከረው ባለ 27 ዋት ቻርጀር አብሮ መኖሩንም አረጋግጡ፣ ምክንያቱም አብዛኛው የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት በ5 አምፒር አይሰጥም።