ጅማ ላይ የውቅያኖስ ወለል ፖስተር ያሳተምኩበት ባነር ቤት

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ ባነር ቤት ነው ስሙን ልተወው። ለክፍሌ የሚሰቀል ትልቅ የውቅያኖስ ወለል ካርታ ነበር ያሳተምኩት፣ ጎኑ ላይ የባህር ስር ፍልውሃዎች ፎቶ ያለበት። ጥራቱ በጣም አሪፍ ነው፣ ያ 65,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የተራራ ሰንሰለት ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው፣ ደሞ ከቀይ ባህርና ከኤደን ባህረ ሰላጤ ስር የሚመጣው ስንጥቅ አፋር ላይ ወደ የብስ ሲወጣ ሲያዩ ልጆቹ ጣታቸውን ከዛ ላይ አያነሱም።

ቅር ያለኝ ቀለሙ ነው። ፍልውሃዎቹ አጠገብ የሚኖሩት ግዙፎቹ ቱቦ ትሎች ጫፋቸው በሄሞግሎቢን ምክንያት ደም የመሰለ ቀይ ነው፣ እነሱ ግን ብርቱካናማ አድርገው አወጡት (አፍም አንጀትም የላቸውም እኮ፣ ውስጣቸው ያለው ባክቴሪያ ነው በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ምግብ የሚሰራላቸው)። ቀዩን ጨምርልኝ ስለው ልጁ «ቲቸር ባህር ስር ገብቶ ማን አየው» አይለኝም! ነገሩ በፈረንጆቹ 1977 አልቪን የምትባለው ሰርጓጅ ጋላፓጎስ አጠገብ 2,500 ሜትር ገደማ ወርዳ እስክታሳየን ድረስ እውነቱን ነበር ሃሃ። ለማንኛውም አስተካክሎ በነፃ ደገመልኝ፣ ጨዋ ልጅ ነው።

ፋይላችሁን በወርድ እንዳትወስዱ ፎንቱ ይበታተናል፣ የፍልውሃዎቹ ውሃ ከ350 ዲግሪ በላይ ሞቆም በግፊቱ ምክንያት እንደማይፈላ የፃፍኩበት መስመር ሙሉውን ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነበር። ፒዲኤፍ አድርጉት። ጄኔሬተር ስለሌላቸው መብራት ከጠፋ ደሞ ነገ ና ነው መልሱ።