የጀርመን የግል ኩባንያ፦ የአገሩ ሕግ ወይስ አይኤፍአርኤስ?

በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ዓለም አቀፉ የሂሳብ መስፈርት፣ አይኤፍአርኤስ፣ ግዴታ ነው። ጀርመን ውስጥ ግን አክሲዮኑም ሆነ ቦንዱ ገበያ ላይ የማይሸጥ የኩባንያዎች ቡድን የተጠቃለለ ሂሳቡን በየትኛው እንደሚሠራ ይመርጣል፦ በአገሪቱ የንግድ ሕግ፣ በኤችጂቢ፣ ወይም በአይኤፍአርኤስ።

ኤችጂቢ ጠንቃቃ ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው ለአበዳሪው ደኅንነት ነው። ሌላ ድርጅት ሲገዛ ለመልካም ስም የተከፈለው ዋጋ በየዓመቱ እየተቀነሰ ወጪ ይሆናል። በአይኤፍአርኤስ ይህ ዓመታዊ ቅናሽ የለም፤ ዋጋው ወርዶ እንደሆነ ግን በየዓመቱ ይፈተሻል። ስለዚህ ሌሎችን እየገዛ የሚያድግ ኩባንያ ትርፉ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። በኪራይ ላይ ደግሞ አይኤፍአርኤስ ጠበቅ ያለ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ አብዛኛው የረጅም ጊዜ ኪራይ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል።

ታዲያ ኩባንያው ማንም ሳያስገድደው ለምን አይኤፍአርኤስን ይመርጣል? ከውጭ ባንክ መበደር ለሚፈልግ፣ በብዙ አገር ቅርንጫፍ ላለው፣ ነገ አክሲዮን ሊሸጥ ላሰበ ያዋጣል። አበዳሪውም ገዢውም የሚያውቁት ቋንቋ ነው። የውጭ እናት ኩባንያ ካለውም ሪፖርቱ ይቀልለታል።

ወጪው ግን ቀላል አይደለም። የትርፍ ክፍፍልም ግብርም መነሻቸው በኤችጂቢ የተሠራው የየኩባንያው ሂሳብ ነው። ስለዚህ ድርብ ሥራ አለ። ከሰፈሩ ባንክ ብቻ ለሚበደር የቤተሰብ ፋብሪካ እኔ ኤችጂቢን እመርጥለታለሁ።