ቤቴን የለካልኝ ሰርቬየር፦ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ሳሎኔ ውስጥ ከመስኮቱ ጥግ የጀመረ ስንጥቅ ነበር። ግንበኛው ሁለቴ በጂፕሰም ደፈነው፣ ሁለቴም ተከፈተ። ሦስተኛ ከማስደፈኔ በፊት ከዚራ ሰፈር ቢሮ ያለው አንድ ሰርቬየር ጠራሁ።

ልጁ ስንጥቁን ዞር ብሎም አላየው። በቤቱ አራት ጥግ ሚስማር መታ፤ ማነጻጸሪያውን ግን ከግቢ ውጭ ራቅ አድርጎ ድልድይ እግር ላይ ምልክት አደረገ። «እማማ፣ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚሰምጥ ምልክት ምን ይነግረናል?» አለኝ። ዘዴው የድንጋይ ከሰል አገር ሰዎች ነው አለ። በጀርመኑ ሩር ከሰሉ ከሥር ሲወጣ ጣሪያው ይደረመሳል፣ ላይ ያለው መሬት እንደ ሳህን ይጎደጉዳል። የመጨረሻው የከሰል ጉድጓድ ቦትሮፕ ከተማ ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. ቢዘጋም ፓምፖቹ ዛሬም ውሃ ይስባሉ። ሰፊውን አካባቢ በሳተላይት ራዳር ይከታተሉታል፤ ለእንደኔ ዓይነት አንድ ቤት ግን ሌቭል የሚባለው ከፍታ መለኪያ መነጽርና ቁጥር ያለው ዘንግ ይበቃል።

በስድስት ወር ሦስት ጊዜ ለካ፣ 6,000 ብር ከፈልኩ። የጓሮው ጥግ 7 ሚሊሜትር ወርዷል፤ ሌሎቹ አንድም አልሞሉ። ለካስ አሸንዳው ውሃውን እዚያው አሸዋ ላይ ሲያፈስ ኖሯል!

ቅሬታዬ፦ ሁለተኛው ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ዘገየ፣ ሪፖርቱም ንድፍ የሌለው አንድ ገጽ ነው። ደግሞ ከሰዓት አትቅጠሩት። ለጫቱ ብዬ አይደለም (እሱም አለ)፤ በድሬ ሙቀት አየሩ ሲንቀጠቀጥ በመነጽሩ የዘንጉ ቁጥር ይዋኛል። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ይምጣ።

አሸንዳውን አዙሬያለሁ። ጂፕሰሙ ገና ነው።