ማርሚታው ጮኸ እንጂ ሞተሯ አልፈጠነችም

ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት ስፖርት ሞተር የምትነዱ ልጆች፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። እኔ 31 ሺህ ብር ተበልቻለሁ።

ሞተሬ ፑልሳር ኤንኤስ 200 ናት፣ ባለ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ)። ከሰው እጅ ነው የገዛኋት፤ አንድም ቀን አስቸግራኝ አታውቅም። ያስቸገርኩት እኔ ነኝ። እሁድ ጠዋት ወደ ጫጫ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚሽቀዳደሙ ልጆች አሉ። ሁለት ጊዜ ተሰለፍኩ፣ ሁለቴም ተቀደምኩ። ያውም በራሷ በፑልሳር! ወሬው አንድ መለዋወጫ ሻጭ ጆሮ ደረሰ።

«ወንድሜ፣ ያንተ ሞተር ትንፋሽ አጥሯት ነው» አለኝ። «ደብረ ብርሃን ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ፊልትሮዋን በክፍቱ እንቀይረው፣ የእሽቅድድም ማርሚታ እንግጠምላት፣ ካንዴላዋን ኢሪዲየም እናድርገው። 20 ኪሎ ሜትር ካልጨመረች ጺሜን ላጨኝ።» ፊልትሮ አየር ማጣሪያው ነው፣ ማርሚታ የጭስ ማውጫው፣ ካንዴላ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው፣ ኢሪዲየም ደግሞ ካንዴላው ጫፍ ላይ የሚደረግ ጠንካራ ብረት። ይቺ ሞተር እንደሌሎቹ አንድ ሳይሆን ሦስት ካንዴላ ነው ያላት። ይህን ስነግረው ፊቱ እንዴት እንደበራ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ተገጠመ። ስትነሳ ሰፈሩ በሙሉ ነቃ። ከቅዳሴ የሚመለሱ ጎረቤታችን «ልጄ፣ ምን ሆና ነው? ታመመችብህ እንዴ?» አሉኝ። እኔ ግን እየበረርኩ መሰለኝ። ጆሮ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ድምፅ ሲጨምር ሰው ፍጥነት የጨመረ ይመስለዋል።

ጓደኛዬ ምንም ያልተነካካች ተመሳሳይ ሞተር አለው። አንድ ቀን ሁለቱንም እኔው ነድቼ በስልክ ጂፒኤስ ለካን። የሞተሩን ቆጣሪ አትመኑ፣ አብዛኛው ከእውነተኛው ፍጥነት ከፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ነፋሱ እንዳያታልለን ሄደንም ተመልሰንም ለካን። የእሱ 108፣ የእኔ 110። ሁለት ኪሎ ሜትር! አንዷን ኪሎ ሜትር በ15,500 ብር ገዛኋት ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሻጩ ከተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ አየሩ ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከፋብሪካ በ23.5 የፈረስ ጉልበት የወጣች ሞተር እኛ ጋ 17 አካባቢ ብትሰጥ ነው። ግን ክፍት ፊልትሮ የሳሳውን አየር አያወፍረውም። የፋብሪካው ፊልትሮም ቢሆን ለዚህች ኢንጅን የሚበቃትን አየር አልከለከላትም።

ደግሞ ፍጥነት ውድ ነገር ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሞተሯ የምትታገለው ከአየር ጋር ነው። ፍጥነቷን በ10 በመቶ ለማሳደግ ጉልበቷ በ33 በመቶ ገደማ ማደግ አለበት። ማርሚታው አንድ የፈረስ ጉልበት ጨመረ እንበል፣ ያውም በቸርነት። ከ17 አንዱ 6 በመቶ ነው፤ በፍጥነት ሲመነዘር 2 በመቶ። ስሌቱንና የስልኩን ቁጥር አስተያዩት። ሻጩ ቃል የገባልኝ 20 ኪሎ ሜትር እንዲመጣ ኢንጅኑ ራሱ መቀየር ነበረበት። ኢሪዲየም ካንዴላ ደግሞ ጥቅሙ ዕድሜው መርዘሙ ነው። ደህና የሚሠራውን ካንዴላ አውጥቶ እሱን መግጠም ጉልበት አይጨምርም።

እስከዚህ ድረስ ብር ብቻ ነው የከሰርኩት። የባሰው የመጣው ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ነው። (በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ግን፣ አልዋሽም፣ ድምፁ ያምራል።) ካርቡራተር በደጋ አየር ሲሳሳበት ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ ፊልትሮው ተከፍቶ አየር ሲበዛም ደብረ ብርሃን ላይ ጉዳቱ አይታይም፤ እንዲያውም ለስለስ ብላ ትሄዳለች። ሻጩ ካርቡራተሩን አልነካውም። ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ወፈረ፣ ቤንዚኑ አነሰ፣ ኢንጅኑ ጋለ። ቆላው ሙቀት ተጨመረበት። ሞተሯ መንገድ ላይ ጉልበት ከዳት። መካኒኩ ካንዴላዎቹን ሲያወጣቸው ኖራ የተቀቡ ይመስላሉ። «ቤንዚን ተርባ ነው የነደደችው» አለኝ። ፋሻዎቹም (የፒስተኑ ቀለበቶች) ተበልተዋል። ለዚያኛው ጥፋቱ የአቧራ ሳይሆን አይቀርም፤ አቧራማውን የገጠር መንገድ በዚያ ከርካሽ ስፖንጅ በተሠራ ክፍት ፊልትሮ ነበር የተመላለስኩበት።

ከዚህ በኋላ ሻጩ ሌላ ሐሳብ አመጣ፦ ካቴናውን (ሰንሰለቱን) የሚያዞረውን የፊት ጥርስ ከባለ 14 ወደ ባለ 13 መቀየር። ይህ እንኳ ውሸት አይደለም፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ስትነሳ ፈጠን ትላለች። ግን በእያንዳንዱ ማርሽ የምትደርስበት ፍጥነት በ7 በመቶ ይቀንሳል። ከአንዱ ኪስ አውጥቶ በሌላው መክተት ነው።

ያ የቀደመኝ ልጅ ምን ነበረው? ምንም። ከእኔ በ15 ኪሎ ይቀላል። ሞተሯና እኔ አንድ ላይ ከ215 ኪሎ አናንስም፤ 15 ኪሎ የዚያ 7 በመቶ ነው፣ ከማርሚታው ይበልጣል። ፍሪሲዮንም አለቃቀቅ ያውቅበታል። የእኔ ካቴና ላልቶ ነበር፣ ጎማውም ነፋስ ጎድሎት ነበር። እነዚህን ሳስተካክል የወጣኝ የአንድ ምሳ ዋጋ ነው።

ውድድሩን ትቼዋለሁ። ያ መንገድ የበግ፣ የጋሪና የአይሱዙ መንገድ ነው፤ በ110 የሚመጣን ሞተር በግ አይጠብቅም።

አሁንም እገዛለሁ የሚል ካለ፣ ቢያንስ ደረሰኝ ሳይዝ ብር አይስጥ። ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ስለ ዕቃው ሐሰት መናገርም በሸማቾች ጥበቃ ሕግ የተከለከለ ነው። እኔ ደረሰኝ ስላልያዝኩ ተመልሼ ስሄድ «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ሸኘኝ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተፈታውን ኦሪጅናል ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። የእኔን ማርሚታ ሻጩ «አሮጌ ነው፣ እኔ እጥልልሃለሁ» ብሎ አስቀረው። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ሱቁ ገብቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየው። ከጎኑ ያለውን ጭረት ያውቀዋል፣ ሲጫር አብሮኝ ነበር። ዋጋውን ጠየቀ።

9 ሺህ ብር። «አዲስ ነው» አለው።