የዝግባ ችግኝ በሐዋሳ፦ ስለ አንድ ችግኝ ጣቢያ

በሐዋሳ ለግቢው ችግኝ የሚፈልግ ሰው ግራቪሊያና የፈረንጅ ጥድ በየመንገዱ ዳር ያገኛል፤ ዝግባ ግን ብዙ ያስዞራል። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ባለፈው ሰኔ ሦስት የዝግባ ችግኞች ገዝቼ ተከልሁ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ስላለፋቸው አሁን ስለ ቦታው የምናገረው አለኝ።

በመጀመሪያ ዓይኔን የሳበው የዝግባዎቹ መደብ ከሌሎቹ ተለይቶ በሣር ዳስ ሥር መሆኑ ነው። ዛፉን የሚያውቅ ሰው ያዘጋጀው እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል። ሲዳማዎች ዳጉቾ፣ ኦሮሞዎች ብርብርሳ የሚሉት ዝግባ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ከጥድ ወገን የሚቆጠር ዛፍ ነው፤ ዘሩ ግን በሾጣጣ ቅርፊት ውስጥ ሳይሆን ቢጫ ፍሬ በመሰለ ሥጋ ተሸፍኖ ይወድቃል። ወፎችና ጦጣዎች ሥጋውን በልተው ዘሩን ራቅ አድርገው ይጥሉታል፤ ቡቃያውም በእርጥቡ የደጋ ደን ውስጥ፣ በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ያድጋል። በባሌ ሐረና ደን ወይም በወንዶ ገነት የተፈጥሮ ደን ውስጥ የሄደ ሰው፣ አንገቱን አቅንቶ ጫፉን ማየት የሚያቅተው ግንድ አጠገብ፣ ከጉልበት የማያልፉ ቡቃያዎች ጥላውን ታግሠው ቆመው ያገኛል። በጠራራ ፀሐይ የተዘረጋ የዝግባ መደብ ባየሁ ኖሮ ሳልገዛ እመለስ ነበር።

አዛውንቱን አትክልተኛ ዘሩን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ጠየቅኋቸው። አንዱን ዘር በሁለት ጣታቸው ይዘው በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለው መቱትና፣ «ልጄ፣ ይህ ቅርፊት ካልተሰነጠቀ ወራት ይተኛል፤ ውስጡን ከነካሁት ደግሞ አለቀ» አሉኝ። በተሰነጠቀው ቅርፊት ውስጥ ነጩ ፍሬ ሳይጫር ወጣ። ለእኔ የጣቢያው ትልቁ ዋጋ እኚህ ሰው ናቸው።

የሽያጩ ክፍል ግን ከአትክልተኛው ሙያ ጋር አይመጣጠንም። ሻጩ ወጣት ሦስቱም ችግኞች ፍሬ እንደሚሰጡ ነገረኝ፤ ይህ ስሕተት ነው፤ የዝግባ ወንዴና ሴቴ ዛፎች የተለያዩ ሲሆኑ ፍሬ የምታፈራው ሴቴዋ ብቻ ናት፣ በችግኝነቱም ጾታውን በዓይን መለየት አይቻልም። ዘሩ ከየትኛው ደን እንደተለቀመ ስጠይቅም መልስ አላገኘሁም። የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዝግባን ከጥድ፣ ከዋንዛና ከኮሶ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች መካከል የቆጠረው እየተመናመነ በመምጣቱ ነው፤ እናት ዛፎቹ ባነሱ ቁጥር የዘሩን ምንጭ መዝግቦ መያዝ የጣቢያው ግዴታ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከሦስቱ አንዱ በጥር ደረቀብኝ። ቆፍሬ ሳወጣው ሥሩ በፕላስቲክ ቱቦው ግርጌ እንደ ክር ተጠቅልሎ ወደ አፈሩ ሳይዘልቅ መቅረቱን አየሁ፤ በቱቦው ውስጥ ከመጠን በላይ የቆየ ችግኝ ነበር፣ ቁመቱ ስለበለጠም ከሌሎቹ በውድ ነው የገዛሁት። ወስጄ ሳሳያቸው ሳይከራከሩ ለወጡልኝ፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ሆኖም የዚያው ዕድሜ ችግኞች በዚያው መደብ ላይ ለሽያጭ ቆመው ሳያቸው አዘንኩ።

ሁለቱ ትንንሾቹ ግን በቡናዬ አጠገብ በከፊል ጥላ ሥር ሆነው፣ በበጋው በሳምንት ሁለት ጊዜ ውኃ እያገኙ፣ አሁን በጫፋቸው ፈዛዛ አረንጓዴ ቅጠል አውጥተዋል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቁመት አይቶ አይግዛ፤ ከአንድ ስንዝር ብዙም ያልበለጠውን ይምረጥ፣ የቱቦውንም ግርጌ ገልጦ ሥሩን ለማየት ይጠይቅ። አትክልተኛው በደስታ ያሳያሉ።