ለእጅ ሥራ ካርድ፦ ፈሳሽ ሙጫ ወይስ በሁለት ገጽ የሚያጣብቅ ፕላስተር?

ፈሳሽ ሙጫ ጊዜ ይሰጣል። ቁራጩ ጠመም ብሎ ካረፈ፣ ሳይደርቅ ገፋ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል። ለቀጫጭን ፊደላትና ቅጠሎችም ጠብታ ትበቃለች። ችግሩ ውኃው ነው። ወረቀት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሰፊ ቦታ ላይ ከተቀባ ካርዱ ይንሻፈፋል። ስስ አድርጎ መቀባትና ከባድ መጽሐፍ መጫን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

ፕላስተሩ ውኃ ስለሌለው ወረቀቱ ለጥ እንዳለ ይቀራል፤ መድረቅም አይጠበቅም። ግን ምሕረት የለውም! አንዴ ከነካ አለቀ፤ ላላቅቅ ካሉ ወረቀቱን ይዞ ይነሳል። ቦታውን አስቀድሞ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ነው።

እኔ ለሰፊው ገጽ ፕላስተር፣ ለጥቃቅኑ ጌጥ ሙጫ እመርጣለሁ። ወፍራሙ ባለስፖንጅ ፕላስተር ሥዕሉን ከፍ ያደርገዋል፤ ያምራል፣ ፖስታ ውስጥ ሲገባ ግን ያስቸግራል።